ሃያ ደቂቃ የቀረው ፊልም

ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ፣ በመሀል ያሉትን ተራሮች ጨምሮ፣ እንደ እኔ ፊልም የሚተረጉም ሰው አልተወለደም፤ ወደፊትም የሚወለድ አይመስለኝም። ህንድኛ ብትሉ፣ ቻይንኛ ብትሉ፣ እንግሊዝኛ ብትሉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የየት አገር እንደሆነ እስካሁን ያልታወቀ ቋንቋ፣ በፕላስተር በተጠገነች አንዲት ማይክ ወደ አማርኛ አስገብቻለሁ። ቪዲዮ ቤቴ ከመሙላቱ የተነሳ በመስኮት የሚያዩ ሰዎች ትከሻ ላይ ሌሎች ሰዎች ቆመው፣ በእነሱ ትከሻ ላይ ደግሞ ፍየል ቆማ ያየችበት ቀን አለ። ፍየሏ ስትስቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን ካልኩ ዘንዳ አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱንም አልችልም።

ምን ያስደነግጣችኋል? የዘመኑ ልጆች አታውቁትም እንጂ ቪዲዮ ቤት ማለት የቆርቆሮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥንና ከጎኑ ማይክ ይዞ የሚጮህ ሰው ነው። ዋናው ጀግና «አክተሩ» ይባላል፤ ክፉው «ቦሱ» ነው። አክተሩ ቦሱን ያገኘዋል፤ እናት ታለቅሳለች። የህንድ ከሆነ ይህንኑ ሦስት ሰዓት ሙሉ እየዘፈኑ ያደርጉታል። ከንፈር ሲንቀሳቀስ መናገር፣ ከንፈር ሲገጥም ዝም ማለት፤ ሙያው ይኸው ነው። ከዚህ አልፎ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ፊልሙን ያበላሸዋል።

ከዚያ ስልክ መጣና ሁሉም ሰው ቪዲዮ ቤቱን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። እኔም እዚያው ቤት ውስጥ የስልክ ሽፋን መሸጥ ጀመርኩ። የገደለኝን እያለበስኩ እኖራለሁ።

ከሱቄ ግድግዳ ማዶ የሽኩር የበርበሬ መጋዘን ነው። ሰላሳ ዓመት አብረን አስነጥሰናል። ሽኩር የተባለውን የሚያምን ሰው ነው፤ እኔን ጎረቤት አድርጎ የተባለውን ማመን ደግሞ ከጀግንነት ይቆጠራል። አንድ ነገር ብቻ በማንም ቢነገረው አያምንም። እሱም ታላቅ ወንድሙ ናስር እንደማይጠላው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አባታቸው እዚህ መስቃን ገጠር ውስጥ ሲታመሙ፣ ወልቂጤ የሚኖረው ናስር መጥቶ ያስታምማቸው ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አረፉ። እንደምታውቁት እኛ ዘንድ ጀናዛ አያድርም፤ በዚያው ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ከሚሰገደው የዐስር ሰላት በኋላ ተቀበሩ። ሽኩር መጋዘኑ ውስጥ ነበር። መርዶው የደረሰው የዐስር አዛን ሲሰማ ነው። በጋሪ፣ በሩጫ፣ በሰው ሞተር እየተቀባበለ አንድ ሰዓት ፈጅቶበት ሲደርስ፣ አፈሩ ተደልድሎ ሰው እጁን እየታጠበ ነበር። የአባቱን ፊት ሳያይ ቀረ። እዚያው መቃብሩ ላይ፣ «ሆን ብለህ ነው ያዘገየህብኝ!» ብሎ በናስር ላይ ጮኸበት። ናስር ደግሞ በሰው ፊት ተሰድቦ የሚያስረዳ ዓይነት ሰው አይደለም። «አዎ፣ ሆን ብዬ ነው!» አለው። በቃ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ በገባ ቁጥር ሽኩር «በገዛ አፉ አዎ ብሏል» ይላል፤ ናስር «ካመነ ይመን» ይላል። የሁለቱ ግትርነት አስፋልት ቢሆን ኖሮ እስከ ሞያሌ በደረሰ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ የናስር ልጅ ሐያት ከወልቂጤ መጣች። ኒካዋ የሚታሰረው እሑድ ነው። አጎቷን ልትጠራ ገባች፤ ሽኩር እግሩን ጆንያ ላይ ሰቅሎ «እግሬን ያመኛል» አላት። ወደ እኔ ሱቅ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል። በበርበሬው አሳበብኩ። እሷ ግን በበርበሬ አላሳበበችም።

«ጋሽ ከድር፣ ለኒካዬ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል» አለችኝ። «አንደኛው ቦታ ለአጎቴ ነው ብያለሁ። አባቴም ‹ከመጣ› ብሎ እሺ ብሏል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እሺ ሲል የመጀመሪያው ነው። አጎቴ ካልመጣ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚገናኙት በአንዳቸው ጀናዛ ላይ ነው።»

«አይዞሽ ልጄ።»

«እርስዎን ይሰማል። በሆነ መንገድ ያምጡልኝ።»

«አጎትሽን በማይክ አስነስቼ ነው የማመጣልሽ» አልኳት። እንዲህ ስል ማጅራቴ ላይ አንድ ነገር እንደ ጉንዳን ሄደ። የጉንዳኑን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

በማግስቱ ቲቸር ሜሮን መጣች። ቲቸር ሜሮን ሥነ ዜጋ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ለተማሪዎቿ ፊልም ታሳያለች። ከተማው ውስጥ ያለምንም ጥቅም የሚሠራ ሰው እሷ ብቻ ስለሆነች ብዙ ሰው ይጠረጥራታል።

«ጋሽ ከድር፣ ይህ በሥዕል የተሠራ ፊልም ነው» ብላ ፍላሽ ሰጠችኝ። «ስለ ሕልምና ስለ ሕይወት ትርጉም የሚጠይቅ። ልጆቹን እንግሊዝኛው ይከብዳቸዋል። እንደ ድሮው በማይክ ቢተረጉሙልን?»

«ካርቱን ነው?»

«ካርቱን አይደለም፣ አኒሜሽን ነው።»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ካርቱን ውስጥ ሰው ከገደል ወድቆ ይነሳል። እዚህ ከአልጋውም አይነሳም። አይተውት ያውቃሉ?»

«ሦስት ጊዜ» አልኳት።

ቤት ወስጄ ከፈትኩት፤ አራተኛው ደቂቃ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስለ ሕልም በተሠራ ፊልም ላይ መተኛት ለሥራው ያለኝን አክብሮት ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ሞላ። በእኔ ቆጠራ ሦስት ሺህ ሰው ነበር፤ በቲቸር ሜሮን ቆጠራ ሰማንያ። የድሮ ደንበኞቼም «ከድር ማይክ ሊይዝ ነው» ሲባል መጥተዋል። ሽኩርም መጣ፤ እግሩ ለፊልም ሲሆን አያመውም። «ካራቴ አለው?» አለኝ። «ሞልቶ!» አልኩት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በድሮ ቦታው ተቀመጠ።

ፊልሙ ተጀመረ። አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ባለ መስመር ፒጃማ ለብሶ ይተኛል። አልጋው ጎማ ያወጣና ባቡር ይሆናል። ባቡሩ ሹፌር የለውም። በየጣቢያው አንድ ሰው ይሳፈራል፣ ከፒጃማው ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ያወራል፣ አሁንም ያወራል፣ ከዚያ ይወርዳል። ይኸው ነው። ጥፊ የለም። ሽጉጥ የለም። ቦሱን ብጠብቅ ቦሱ የለም። ሰዎቹ ሁሉ በቀለም የተሣሉ ስለሆኑ ሲናገሩ ፊታቸው እንደ ዝናብ ያገኘው ቀለም ይፈሳል። አንድ ሰው እንዴት ብሎ ይህን ለመሥራት እንቅልፉን እንዳጣ አላህ ይወቀው።

መጀመሪያ የተሳፈረችው ዣንጥላ የያዘች ሴት ናት። ፀጉሯ ወፍ እየሆነ ይበራል። ስድስት ደቂቃ ተናገረች። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የገቡኝ ቃላት ሕይወት፣ ሕልምና ሻይ ናቸው። በሻዩ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም። ማይኬን አነሳሁ።

«ስማ አንተ ባለ ፒጃማ!» አልኩ በሴት ድምፅ። «ሕይወት እንደ ቡታጅራ መናኸሪያ ናት! አንተ ተራ ይዘህ ትቆማለህ፣ ሌላው በመስኮት ዘሎ ወንበርህን ይወስዳል! ይልቅ ሻይ ጋብዘኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ሜሮን ብቻ ዞር ብላ አየችኝ። ተማሪ በፈተና ሲኮርጅ የምታይበት ዓይን መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጠመኔ የያዘ ፕሮፌሰር ነው። የባቡሩ መስኮት ላይ ይጽፋል፤ የጻፈው እየተነሳ ይሄዳል። «ትልቁ የሕይወት ጥያቄ» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ክትፎ ጥሬ ይሁን ወይስ ለብለብ የሚለው ነው! ለብለብ የሚል ሰው መወሰን የማይችል ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሚስትም አያገባም!» ከኋላ አንዱ «ውሸት ነው፣ እኔ አግብቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። ከፊት ሌላው መለሰለት። ክርክሩ ስለተካረረ ቲቸር ሜሮን ፊልሙን ማቆም ነበረባት። በዚህ አገር ፍልስፍና የለም የሚል ሰው ያን ዕለት መጥቶ ቢያይ ጥሩ ነበር።

ሦስተኛው ጣቢያ በረዶ ነው። አንድ አዛውንት ተሳፈሩ። ነጭ ቆብ፣ አጭር ጢም፣ ረጅም ዱላ። ተቀምጠው ዱላውን በጉልበታቸው መሀል ተከሉት፣ ሁለት እጃቸውን በላዩ አደረጉ፣ አገጫቸውን በእጃቸው ላይ አሳረፉ። እኔ እንዲህ የሚቀመጡ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። የሽኩር አባት ናቸው።

አዛውንቱ ፒጃማውን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ሦስት ቃል ተናገሩ። ሰማንያው ሰው እኔን ይጠብቃል። ቀልድ ፈለግኩ፤ ከሆዴ ተነቅሎ ሄዷል። ልክ በዚያች ቅጽበት ከውጭ፣ ከመስጊዱ፣ የዐስር አዛን ተሰማ።

አፌ በራሱ ተከፈተ።

«ልጄ፣ ቆየህብኝ» አልኩ።

ፒጃማው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «ማንም አልነገረኝም» አልኩለት።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ይፈሳል። «ወንድምህ በጊዜ ልኮብህ ነበር። መንገድ ላይ የቆየው መልእክቱ ነው። ወንድምህ አይደለም የቆየው።»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ አግዳሚው ሲጮህ ተሰማኝ። ሽኩር ቆሟል።

«ቲቸር! ይመለስልኝ!»

«ምኑ ጋሽ ሽኩር?»

«እኚህ አባት ያሉት! ከመጀመሪያው ይመለስልኝ!»

በዚህ ሥራ ስኖር ፊልም ይመለስልኝ ያለኝ ሰው የለም። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያለፈ አልፏል፤ ምን እንዳልኩ ማስታወስ የእኔ ሥራ አይደለም። አሁን ግን ፊልሙ ወደ ኋላ ሄደ፤ አዛውንቱ ከወንበራቸው ተነስተው፣ በጀርባቸው ወደ በረዶው ወጥተው፣ እንደገና ተሳፈሩ። ላቤ በማይኩ ላይ ይንጠባጠባል። እንደምንም ያልኩትን መልሼ አልኩት። ሽኩር «አሁንም!» አለ። ሦስተኛ ጊዜ ላይ የት እንደደረስኩ ጠፋኝና «ሂድና ወንድምህን እየው» የሚል ጨመርኩበት።

«ይህ ቅድም አልነበረም» አለ አንድ ተማሪ።

«ቅድም ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር» አልኩት።

ሽኩር ተቀመጠ። ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ከዚያ በኋላ ማን እንደተሳፈረ፣ እኔስ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ፒጃማው ይንቃ አይንቃ ቡታጅራ ውስጥ እስካሁን የሚያውቅ ሰው የለም።

ስንወጣ ሽኩር በሩ ላይ ያዘኝ።

«ከድር፣ አባቴ አሥራ አንድ ዓመት በሕልሜ አልመጡም። አንድ ቀን እንኳ። ሰው ሟቹን በሕልሙ ያያል፤ እኔ በርበሬ ነው የማየው። ተቆጥተውኝ ነው ብዬ ነበር። ለካ በፊልም ሊመጡ ነው።»

«ሽኩር፣ ፊልም እኮ ነው። ፈረንጅ ቁጭ ብሎ የሣለው።»

«ፈረንጅ የአባቴን ዱላ አያያዝ ከየት ያውቃል?»

ምን ልበለው? በሕይወቴ የማምንበትን ነገር ልነግረው የሞከርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ አላመነኝም።

«ነገ ወልቂጤ እሄዳለሁ» አለ። «አንተም ትመጣለህ። ናስር ካላመነኝ የተረጎምከው አንተ ነህ። ምስክሬ ነህ።»

እሱ እንደሄደ ቲቸር ሜሮን ማይኳን ከእጄ ቀስ ብላ ተቀበለችኝ።

«አዛውንቱ ያሉት እንደዚያ አይደለም፣ ጋሽ ከድር።»

«አውቃለሁ።»

«‹በሕልም የምታገኘው ሰው ሁሉ ያው አንተ ነህ› ነው ያሉት። ‹የሌላ ሰው ፊት ሰጥተኸው ነው እንጂ የሚናገረው አንተው ነህ።›» የማይኳን ገመድ ጠቀለለች። «የቆየውን መልእክት ነገር ከየት አመጡት?»

የጫማዬን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ አልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

«በውሸት ሰው ማስታረቅ ልክ አይመስለኝም» አለች። «እስከ ሰኞ እርስዎ ካልነገሯቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ውሸት መሆኑን በምን አወቅሽ?» አልኩና ምላሴን ነከስኩ። እሷ ግን ሰማች። ማይኳን ይዛ ሄደች።

እሑድ በጠዋት በሚኒባስ በአረቅጥ በኩል ተነሳን። ሽኩር ለሙሽራዋ አንድ ኩንታል የማይሞላ ግን ከኩንታል የባሰ በርበሬ ይዟል፤ ሚኒባሱ እስከ ተራራው ጫፍ በአንድ ላይ እያስነጠሰ ወጣ። ሽኩር እንደ ልጅ ያወራል። ናስር ዛፍ ላይ አውጥቶት መውረድ እንዳቃታቸው፣ እሱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ናስር የራሱን ጫማ እንዳደረገለት። አሥራ አንድ ዓመት ከአፉ ያልወጣ ስም በአንድ መንገድ ሁለት መቶ ጊዜ ወጣ።

አረቅጥ ጉም ነበር፤ ሻይ ለመጠጣት ወረድን። ብርዱ አጥንት ይገባል። አሁን ነው አልኩ ለራሴ፤ እዚህ ጉሙ ውስጥ ፊቱም አይታየኝም።

«ሽኩር፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

«ንገረኝ።»

«…ሻይህ እየቀዘቀዘ ነው።»

ጠጣው። አመሰገነኝም።

ወልቂጤ ስንደርስ ድንኳኑ ተጥሏል፤ ሰው ይገባል ይወጣል። ናስር በሩ ላይ እንግዳ ይቀበላል። ፀጉሩ ሁሉ ሸብቷል። ሽኩርን ሲያይ እጁ ከአንዱ እንግዳ እጅ ጋር እንደተጨባበጠ ቀረ። እንግዳው ምስኪን እጁን ለማስለቀቅ ሲታገል ይታየኛል።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ሽኩር።

«ወአለይኩም ሰላም።» ከዚያ ናስር ቁልቁል አየው። «እግርህን አሞሃል ብለውኝ ነበር።»

«ተሻለኝ።»

«በምን?»

«በፊልም።»

ናስር እኔን አየኝ። ዶሮ የሰረቀ ቀበሮ ለሰላምታ ቢመጣ እንዲህ ነው የሚታየው። ወደ ውስጥ አስገባን፤ ጥግ ላይ ሦስታችንን ብቻ አስቀመጠን። ክትፎ፣ አይብ፣ ቆጮ በሳህን ቀረበልን። ሽኩር ሳይነካ ፊልሙን ተረከለት፤ ባቡሩን፣ በረዶውን፣ ዱላውን፣ የተባለውን ሁሉ።

«አባታችን በእንግሊዝኛ ተናገሩ?» አለ ናስር።

«ከድር ነው የተረጎመው።»

«ከድር…» አለ ናስር ስሜን እያመነዠከ።

«ናስር፣ በአላህ ይሁንብህ፣ አንዴ ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን ልከህብኝ ነበር?»

ከውጭ የሴቶቹ እልልታ ይሰማል። ናስር የጠረጴዛውን ጨርቅ አስተካከለ።

«ልኬብህ ነበር።»

«በማን?»

እኔ በዚህ ጊዜ ክትፎውን በቆጮ ጠቅልዬ እጄ ግማሽ መንገድ ደርሷል።

«በስልክ። ያንተ ዝግ ነበር። ለጎረቤትህ ደወልኩለት። ‹እሺ፣ አሁኑኑ እነግረዋለሁ› አለኝ።»

ሽኩር ሁለት ጎረቤት አለው። በአንደኛው ወገን ስልክ ያልነበራት አሮጊት ናት። በሌላኛው ወገን እኔ ነኝ። ቀስ ብሎ ዞረ።

ውሸቶች ሁሉ በፊቴ ተሰለፉ፤ ኔትወርክ፣ ባትሪ፣ ያች ፍየል። አንዱንም ማንሳት አቃተኝ። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

«ፊልም ላይ ነበርኩ» አልኩ። «ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ልጨርስና ልንገረው ብዬ… ከዚያ ‹አሁን ተደወለልኝ› አልኩህ። አብሬህም ሄጃለሁ። መቃብሩ ላይ ስትሰዳደቡ ከኋላህ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ከዚያ በየዓመቱ ለመናገር እየከበደኝ መጣ።»

ጉንዳኑ እንግዲህ ይህ ነው።

ሽኩር እንዲመታኝ ፈለግኩ፤ ፊልም ቢሆን ኖሮ ይመታኝ ነበር። አልመታኝም። ሳህኑን ከፊቴ አነሳና አጠገቡ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚህ የበለጠ ጥፊ እስካሁን አልቀመስኩም።

ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞረ። «‹ሆን ብዬ ነው› ለምን አልከኝ?»

«ለምን ሰደብከኝ?» አለ ናስር። «አጥቤ ከፍኜ፣ ‹ትንሽ ቆዩ፣ ወንድሜ ይመጣል› እያልኩ ሰዉን ስማጸን ቆይቼ፣ መጥተህ ሰደብከኝ።»

ሽኩር ተነስቶ ግንባሩን ናስር ትከሻ ላይ አደረገ። ያን ጊዜ ሐያት በሴቶች ተከባ በበሩ ብቅ አለች። «አጎቴ!» ብላ ልብሷን ሰብስባ መጣች፤ ሥነ ሥርዓቱ ሁሉ ተተረማመሰ። ሼኹ ምስክሮቹን ጠሩ። ሽኩር በባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠ። እኔ ያለ ሳህን ጥጌ ላይ ተቀምጬ ኒካው ሲታሰር አየሁ። ምንም አልተረጎምኩም፤ ሁሉም ገብቶኛል።

ሲያበቃ ሽኩር ተመልሶ መጣ። ሳህኑን ከመሬት አነሳና ፊቴ አኖረው።

«ብላ።»

«ሽኩር…»

«ብላ አልኩህ። መንገዱ አንድ ሰዓት ነው የፈጀብኝ። ሃያ ደቂቃ ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ልደርስ ነበር? ያው ነው። ብላ፣ አንተ ቀጣፊ።»

በላሁ። ናስር ግን ከማዶ ያየኝ ነበር። ስልኩን የደወለው እሱ ነው፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደደወለ ያውቃል። አፉን የሚከፍት መሰለኝ። ከዚያ ወንድሙን አየና ቆጮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጥክ ብትሉኝ፣ ጻድቅ አልሆንኩም። የሰው መልእክት ሲደርሰኝ ግን አሁን ሱቄን ክፍት ትቼ እሮጣለሁ፤ በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተሰርቄያለሁ። አንድ ጊዜ «ሽንኩርት ይዞ እንዲመጣ ንገረው» የሚል መልእክት ለማድረስ ከተማውን አቋርጬ፣ ሰውየውን ከሰላት አስነስቼ ተሰድቤያለሁ። ቅዳሜም ወጣት ማዕከሉ እሄዳለሁ፤ ቲቸር ሜሮን ትተረጉማለች፣ እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከሽኩር ጎን ሆኜ «እውነት እንደዚያ ነው ያለው?» እያልኩ አስቸግራታለሁ። ለእሷ ሰኞ ጠዋት «ነግሬዋለሁ» ስላት «ሁሉንም?» አለችኝ። ለመምህር ምን ዓይነት ዓይን ነው የሚሰጡት?

የሽኩር አባት አሁን በሕልሙ ይመጣሉ፤ በርበሬውን ይተቹበታል። በእኔ ሕልም ደግሞ ባቡሩ ይመጣል። በየጣቢያው ሰው ይሳፈራል፣ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል፣ ቀና ስል ከድር ነው። ቀጥሎም ከድር ነው። አዛውንቱም ከድር ናቸው። ይህን ያህል ጊዜ የገዛ ፊቱን ያየ ሰው መቀለድ ያቅተዋል፤ እኔ ላይ ግን ገና አልሠራም።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በጨለማ ውስጥ፣ በብዙ ሰው ፊት፣ በሌላ ሰው አፍ ካልሆነ እውነት መናገር አልችልም። ቲቸር ሜሮን ይህን ጽሑፍ ቅዳሜ ለክበቡ እንድታነብልኝ ለምኛታለሁ፤ ሽኩርም በቦታው ይቀመጣል። እድሜዬን ሙሉ ነገር ሳጋንን ኖሬ ያሳነስኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ሽኩር፣ ሃያ ደቂቃ አልነበረም። ናስር ሲደውል ፊልሙ ሊጀምር የተዋንያኑ ስም ገና እየወጣ ነበር። የህንድ ፊልም ነበር፤ እስከ መጨረሻው ተርጉሜ ነው የነገርኩህ።